ሳማ ላይ የተተከለው ቦኖ

በደርግ ዘመን በአንድ የከተማ ሥራ መምሪያ ውስጥ ቀያሽ ነበርሁ። የእኔ ድርሻ የሚጀምረው ግንባታው ካለቀ በኋላ ነው፦ መሐንዲሱ ያቀደውን ትቼ፣ ግንበኛው በእርግጥ የሠራውን ለክቼ በካርታ ላይ አሰፍራለሁ። ሥራው ከሐቀኝነት በቀር ብዙ አይጠይቅም። ያስቸገረውም ይኸው ነበር።

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርድ አንድ ጠባብ መንደር የሕዝብ ቦኖ ተሠርቶ አልቋል ተባለና እንድለካ ታዘዝሁ። በፕላኑ መሠረት ቦኖው የሚቆመው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩ አንዲት አሮጊት አጥር አጠገብ ነው። በፕላኑ ላይ ከተመለከተ የድንጋይ ግንብ ጥግ ተነሥቼ፣ ሜትሬን ዘርግቼ ቦታውን አገኘሁት። ሳማ በቅሎበታል።

አሮጊቷ ልብስ እያሰጡ ሲመለከቱኝ ቆይተው፣ «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ።

«ቦኖ ነው፣ እማማ። በዚህ ወረቀት መሠረት እዚህ መቆም ነበረበት።»

«እሰይ! እንግዲያው ወረቀቱን ጨመቅ አድርግልኝና ባልዲዬን ልሙላ።»

ከዚያም በእጃቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ቦኖው ከአስፋልቱ ዳር፣ የቀበሌው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ለምን ወደዚያ እንደ ወጣ የግቢው ዘበኛ ሳይደብቅ ነገረኝ፦ በአብዮት በዓል ሪባን ሊቆርጡ የመጡት እንግዶች ጭቃ ረግጠው እንዳይወርዱ ነው። ውሃው ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፤ ስብሰባ ካለ ጭራሹን አይከፈትም። ለአንድ ቀን እንግዶች ጫማ ሲባል የታችኛው መንደር እናቶች በየቀኑ ባዶ ባልዲ ይዘው ሽቅብ፣ ሙሉውን ተሸክመው ቁልቁል ይላሉ።

ቦኖውን ለካሁ፤ ካርታው ላይም ባለበት አስቀመጥሁት። ኃላፊዬ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

«ጓድ፣ ቦኖው ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም?»

«ተሠርቷል።»

«እንግዲያው ፕላኑ ባለው ቦታ ላይ አድርገው። ሪፖርቱ እኮ ወደ በላይ አካል አልፏል።»

«እዚያ የለማ!»

«ነገ ሊኖር ይችላል።»

«ነገ ሲኖር ነገ እለካዋለሁ። ዛሬ ከታች አለ ካልን ግን ያ መንደር ውሃ እንዳገኘ ይቆጠራል። ሌላ ቦኖ ቢጠይቅ ማን ይሰጠዋል?»

«ለመሆኑ አንተ የምትለካው መሬቱን ነው ወይስ አብዮቱን?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰውን ወደ ቤቱ ሳይመለስ ሊያስቀር ይችል ነበር። ክርክሩን ተውሁ፤ ነገር ግን አልፈረምሁም። ካርታው በሌላ ሰው እጅ እንደገና ተሣለ፤ ቦኖው በወረቀት ሳማው ላይ ተተከለ፤ ኃላፊው ራሱ ፈረመበት። ስሜ ከውሸት ሥር ባለመገኘቱ ለወራት ኮራሁ።

ያ ኩራት ለማን እንደሚጠቅም ያየሁት አሮጊቷ የመንደሩን ማመልከቻ ይዘው መሥሪያ ቤታችን የመጡ ዕለት ነው። ጸሐፊው ካርታውን ገለጠና፣ «እማማ፣ ቦኖማ አለዎት፤ ይኸው ደጅዎ ላይ» አላቸው።

«ከደጄ የመጣሁት እኔ ነኝ ወይስ ካርታው?» ብለው ዘወር ሲሉ እኔን አዩኝ። «ይኸው፣ እሱ ለክቶት የለም እንዴ! ንገረው እንጂ ልጄ!»

ነገርሁት። ጸሐፊው የካርታውን ግርጌ በጣቱ ዳሰሰና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ የእርስዎ ፊርማ የለም። ያልፈረሙበትን ሥራ እንዴት ይመሰክሩበታል?» አለኝ።

እዚያው ተቀምጬ ካርታውን በለካሁት ልክ እንደገና ሣልሁት፤ ስሜን ጽፌ ፈረምሁበት፤ ከማመልከቻው ጋር አያያዝሁት። ጸሐፊው እያጉረመረመ ተቀበለ።

ለአሮጊቷ መልስ አልመጣም። ለእኔ ግን መጣ፦ ያልታዘዝሁትን ካርታ በማዘጋጀቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ልኬቱ ስሕተት ነው የሚል አንድ ቃል እንኳ አልነበረበትም፤ ሊያጣራ ቁልቁለቱን የወረደ ሰውም የለም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያ መንደር በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ውሃ ነበረው።