ያጠብሁት ጀሪካን

ዓባይ ማዶ ባለችው ሱቄ ፕላስቲክ እሸጣለሁ፤ ባልዲ፣ ጆግ፣ ሳፋ፣ ከሁሉ በላይ ጀሪካን። አዲሱን ከአከፋፋይ አመጣለሁ። አሮጌውን ግን የያዘው የተባይ መድኃኒት ሲያልቅ ከመራዊ ሽንኩርት አራሾች እሰበስብ ነበር። ወፍራም ነው፣ ቢወድቅ አይሰነጠቅም። በፈላ ውኃና በአመድ አሽቼ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመትቼ፣ አፍንጫዬን አፉ ላይ ደቅኜ እምገዋለሁ። ካልሸተተ ለጠላም ለውኃም ይሸጣል። በአፍንጫዬ የሚተማመን ደንበኛ ብዙ ነበረኝ። እኔም ጠንካራውን መርጬ ቤቴ ወሰድሁ፤ ልጄ የምትጠጣው ከዚያ ነበር።

አምና አንዲት ተመራማሪ መጣች። ምግብና ውኃ የሚያዝበትን ፕላስቲክ እንደምትመረምር ነግራኝ አንድ አሮጌ ጀሪካን ጠየቀችኝ።

«ምን ልታገኚበት? ከልቤ ይልቅ የጸዳ ነው» አልኋት።

«እሱ ምን ዋስትና ይሆናል፣ ጋሼ?»

ሥቄ ሰጠኋት።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ በቁመት ትበልጣለች። ጎረቤት «ምን ብትቀልባት ነው?» ሲለኝ ደረቴን እነፋ ነበር። ሚስቴ ግን የሆነ ነገር ከንክኗት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ የእጇን ራጅ አየና «አጥንቷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይመስላል። ሆርሞኗ ተዛብቶ ሰውነቷ ያለ ጊዜው ለአቅመ ሔዋን እየተቻኮለ ነው፤ ካልታከመች ቁመቷም ቶሎ ይቆማል» አለን። ለማንም አልተናገርንም። የሴት ልጅ ነገር ነው።

ከሐኪም ቤት በተመለስን በሳምንቱ ተመራማሪዋ ውጤቱን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይህን ለምግብ አይሽጡ። ፕላስቲኩ መርዙን ጠጥቶታል፤ ውኃ ሲሞላበት ቀስ እያለ ይለቃል።»

«አሽትቼዋለሁ እኮ!»

«አፍንጫ የሚያውቀው ሽታን ነው። ከነዚህ መርዞች የልጆችን ሆርሞን የሚያውኩ አሉ።»

ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥሁና የልጄን ነገርኋት።

«ከዚህ የመጣ ነው ማለት አልችልም» አለች፤ «ሌላም ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። ብቻ ልጅዎ ከዛሬ ጀምሮ ከሱ አትጠጣ።»

ጥፋቱ ያንተ ነው ብትለኝ ተከራክሬ እረታት ነበር። አላውቅም ካለ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ?

የቤቴንም የሱቄንም አሮጌ ጀሪካን በቢላ ተለተልሁ። ከዚያ የሸጥሁላቸውን ፍለጋ ወጣሁ። ዘንዘልማ መንደር የልጆች እናት የሆነች ደንበኛዬ በር ላይ ተቀበለችኝ። «የሸጥሁልሽ ጀሪካን መርዝ አለበት፣ ጣይው» አልኋት።

«ዛሬ ደግሞ አዲስ ልትሸጥልኝ መጣህ? አሽትቼዋለሁ ብለህ የማልኸው አንተ አይደለህም?»

«ምያለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር።»

«ነጋዴ አላውቅም ሲል ገና ዛሬ ሰማሁ!» ብላ ሣቀች።

ትንሿ ልጇ ኩባያ ይዛ ወደ ጀሪካኑ ስትሄድ አየሁ። ዘልዬ ገብቼ በቢላዬ ወጋሁት። ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ እናትዮዋ ኡኡ አለች፣ ጎረቤት ተንጋጋ። ጫማዬ እንደራሰ ቆሜ ለዚያ ሁሉ ሰው የልጄን አጥንት፣ የሐኪሙን ቃል፣ ምንም ሳልሸሽግ ተናገርሁ።

ሴትዮዋ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ጓዳ ሌላ ጀሪካን አለ» አለችኝ።