ፕላመትን ያስተማረኝ ቀያሽ

ዛሬ ጠዋት ከመስኮቴ ፊት ለፊት በሚሠራው ፎቅ ላይ አንድ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥ ማለት ለማየት ቱንቢውን በክር ቁልቁል ሲለቀው አየሁ። እጄ ላይ የነበረው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ቀረሁ። ጁባ ትዝ አለችኝ፤ ያ ቀያሽም ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ውስጥ ሕንፃ በሚሠራ ድርጅት ፕላን እሥል ነበር። ቢሮአችን የእርጥብ ሲሚንቶና የጄኔሬተር ጭስ ይሸታል። ቀያሹ የአገሩ ሰው ቢሆንም በስደት ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ስለኖረ አማርኛው ከእኔ አይለይም ነበር። የእንግሊዝኛ ቃል ሲቸግረኝ የምጠይቀው እሱን ነው። አንድ ቀን ሬዲዮው ስለ ነዳጅ በእንግሊዝኛ ሲያወራ «ፕላመት» የሚል ቃል ሰማሁና ጠየቅኩት።

«ድንገት ቁልቁል መውረድ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ግን የዕቃ ስም ነበር፤ ይሄው የኛው ቱንቢ። ከላቲን ነው የመጣው፣ እርሳስ ከሚለው የብረት ስም። መርከበኞችም የባሕሩን ጥልቀት ለማወቅ በገመድ አስረው ይጥሉት ነበር። መውደቅ የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው።»

«ታዲያ የመለኪያ ዕቃ እንዴት መዓት ሆነ?»

ሳቀ። «ክሩ ሲበጠስ ነዋ፣ እህቴ!»

በዚያው ሳምንት ከተማው ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። እኔ፣ ቀያሹና ሾፌራችን ከሲሚንቶ ከረጢቶች ኋላ የቢሮው ወለል ላይ ተኝተን ሰነበትን። የፈራሁት መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ይሰማል፣ ውስጤ ግን ዝም ብሎ ነበር። ሾፌሩ በስልክ ሲጠይቅ፣ የታጠቁት ሰዎች የቀያሹን ጎሳ ሰዎች እየለዩ እንደሚፈልጉ ነገሩት።

ተኩሱ ጋብ ሲል ሾፌሩ አየር ማረፊያ ሊያደርሰኝ መኪናውን አስነሳ።

«ና እንሂድ» አልኩት ቀያሹን። «ሐበሻ ነው እንላለን። በአማርኛ ታወራቸዋለህ።»

ግንባሩን በጣቱ ዳሰሰ። ጎረምሳ ሳለ የተበጣው የጎሳው ምልክት ከዳር እስከ ዳር ተሰምሮበታል።

«ይሄንንስ በምን አማርኛ እናስረዳቸዋለን?» አለ። «ከእኔ ጋር ከተገኛችሁ እናንተም አትተርፉም። ኸላስ፣ አለቀ። ሂጂ።»

ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ እጄ ላይ አስቀመጠ። «መንገድ ላይ ይርብሻል።»

ስንወጣ በሩን ከውስጥ ሲቀረቅረው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

አውሮፕላኑ ሲነሳ አጠገቤ ያሉት ያለቅሱ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ርቦኝ ነበር። ዳቦውን እየቆረስኩ እስከ ፍርፋሪው በላሁት። ለእሱ ያስቀረው ይኖር ይሆን ብዬ ያሰብኩት ካለቀ በኋላ ነው።