የአባቴ ሳቅ አልከፈት አለ

ፎቶ ትዝታን ያስቀምጣል ይባላል። አያስቀምጥም። ስልክ የሚያስቀምጠው ፋይል ነው፤ ፋይል ደግሞ አመለኛ ነው፣ ከሁሉም ማሽን ጋር አይግባባም። ይህን የተማርኩት በአባቴ አርባ ዋዜማ፣ ጉርድ ሾላ በአንድ ማተሚያ ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ነው።

አባቴ ካሜራ ፊት አይስቅም ነበር። "ጥርስ ለሐኪም ነው የሚታየው" ይላል። በሠርጉም፣ በመታወቂያውም፣ በእኔ ምረቃም ላይ ያለው ፊት አንድ ነው፤ ግብር የተጨመረበት ነጋዴ ፊት። አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። በሰፈራችን በሳሊተ ምሕረት ሰው ሁሉ ፎቅ በፎቅ ላይ በሚከምርበት ዘመን፣ ጎረቤታችን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሊያስመርቅ ዘመድ ከጠራ በኋላ ደረጃ መረሳቱ ታወቀ። እንግዶቹ በግንበኞች መሰላል ሲንጠላጠሉ አባቴ ከበረንዳችን ሆኖ ባርኔጣው እስኪወድቅ ሳቀ። እህቴ በአዲሱ ስልኳ አነሳችው።

ለአርባው ድንኳኑ በር ላይ የሚቆም ትልቅ ፎቶ አስፈለገ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ የሟቹ ጉርድ ፎቶ ይፈለግና ይተልቃል። ለዚህ ነው ሟቾቻችን ሁሉ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተሰለፉ የሚመስሉት። እናቴ ግን እምቢ አለች።

"ያንን የተኮሳተረ ሰው አላውቀውም። የኖርኩት ከሚስቀው ጋር ነው። እሱን ካላመጣችሁ ባዶ ፍሬም አቁሙልኝ።"

የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ተቆጣ። "በአርባው የሚስቅ ሟች የት አይተሻል? ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል። አንተ ስትሞት አኮሳትረን እናቆምሃለን፣ አይዞህ።"

እኔ፣ አጎቴና የእህቴ ባል ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድን። እህቴ ከቤት ሆና ፎቶውን እንዳለ፣ በፋይልነቱ ላከችው። አልከፈት አለ።

"ቫይረስ ነው" አለ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ምንም ሳይጠራጠር።

ቫይረስ አልነበረም። አዳዲስ ስልኮች ፎቶን የሚያስቀምጡት ሁሉም ማሽን በሚያውቀው በጄፔግ ሳይሆን፣ ኤች-ኢ-አይ-ሲ በሚባል አዲስ ዓይነት ነው። ጎበዝ ነገር ነው፤ ጥራቱን ሳይለቅ በግማሽ ቦታ ያድራል። የማተሚያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ከእሱ ጋር ተዋውቆ አያውቅም።

"ይሄማ ቀላል ነው" አለ የእህቴ ባል። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያሉትን ፊደሎች አጥፍቶ የጄፔግን ጻፈበት። አልፈረድኩበትም፤ መሥሪያ ቤቶቻችንም የሚሻሻሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደ እኛ በስም ለውጥ አልተታለለም።

ቀጥሎ እህቴ በቻት እንደ ማንኛውም ፎቶ ላከችው። ተከፈተ! ልንተቃቀፍ ምንም አልቀረንም። ቻቱ ግን ፎቶውን ቶሎ ለማሳለፍ ሲል ጨምቆ አሳንሶታል። ባለቤቱ ወደ ድንኳን በር ልክ ሲለጥጠው የአባቴ ፊት አዲስ የተነጠፈ ኮብልስቶን ሆነ።

"ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው" አለ ባለቤቱ።

"እናቴ ከሩቅ አታየውም" አልኩት።

ይኼኔ አጎቴ ጉርዱን ፎቶ ከደረት ኪሱ አወጣ። ለካ ይዞት መጥቷል። ባለቤቱም ልዘጋ ነው ብሎ መብራት ማጥፋት ጀመረ። እናቴ ባዶ ፍሬም አቁሙ ካለች ታስቆማለች፤ አውቃታለሁ።

በቤተሰባችን ታሪክ መመሪያ ያነበበ ሰው የለም፤ የመጀመሪያው እኔ ሆንኩ። ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩና ለእህቴ ደወልኩላት። "መጀመሪያ እዚያው ስልክሽ ላይ ወደ ጄፔግ ለውጪው። ከዚያ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው።"

"ሁለቱ ምን ይለያቸዋል?"

"ኋላ አስረዳሻለሁ፤ ሰውየው መብራት እያጠፋ ነው!"

ላከችው። ተከፈተ። አባቴ ከነሽበቱ፣ ከነጎደለው ጥርሱ ስክሪኑን ሞልቶ ሳቀ። አጎቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

"እንዲህ ይስቅ ነበር እንዴ?" አለ። ጉርዱን ወደ ኪሱ መለሰው። "አትመው። ባርኔጣው ግን እንዳይቆረጥ።"

በማግስቱ ለቀስተኛው ፊቱን አጨማዶ ይመጣና፣ በሩ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ያመልጠዋል። እናቴ ወንበሯን ፎቶው ሥር አስደርጋ፣ ለገባው ሁሉ አባቴ ያን ጊዜ ምን እያየ እንደነበር ስትተርክ ዋለች። ለጎረቤታችን ብቻ "ባርኔጣው ወድቆበት ነው" አለችው።

ስልካችሁ ውስጥ የሚስቅ ሰው እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይቀመጥልኛል ብላችሁ አትተዉት። ወደ ጄፔግ ለውጡትና ዛሬውኑ በወረቀት አሳትሙት።