የሳሙና ፋብሪካው ተርባይን

ኮሌጅ ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ይቆማል፤ ውሃ የሚፈላበት ቦይለር ደግሞ ለብቻው ናፍጣ ይጠጣል። ሐጂ ይሄ ሲሰለቻቸው በጅቡቲ በኩል አንድ ያገለገለ ትንሽ የጋዝ ተርባይን አስመጡ። ከቁም ሳጥን አይበልጥም። ውስጡ ናፍጣው ሲቃጠል የሚፈጠረው ትኩስ ጋዝ ክንፎቹን እያሽከረከረ መብራት ያመነጫል፤ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ውሃችንን ያፈላል።

የሰፈሩ ሰው ወሬውን ሲሰማ፣ ለድሬዳዋ ሙቀት ገዝተው መጡ ብሎ ሳቀ። ሐጂም አብረው ሳቁ።

ማሽኑን የተረከብነው ሁለት ነን፤ እኔና ዕድሜያቸውን ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ የከዚራ ሰፈር ሽማግሌ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ፒስተን የሌለው ሞተር አያምኑም። ክዳኑን ከፍተው ሲያዩት፣ ይሄማ ዘመናዊ ቬንትሌተር ነው አሉኝ።

ጠዋት ስናስነሳው እያፏጨ ተነሳ፤ ሠራተኛው አጨበጨበ። ስድስት ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ግን ቀይ መብራት አብርቶ በራሱ ጠፋ። በማግስቱም እንደዚያው። ማጣሪያውን አጸዳሁ፣ የናፍጣ መስመሩን ፈታሁ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ አየሁ። የሸጠልን ሰው በስልክ ስንጠይቀው ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የሚነካካው ሰው ነው አለ። የሚነካካው ሰው እኔ ነኝ። ሐጂ አልተቆጡኝም፤ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ብቻ አሉኝ። ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

የማሽኑን መመሪያ ቤት ወስጄ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ፣ ጉልበቱ የተለካው በአሥራ አምስት ዲግሪ አየር መሆኑን፣ የሚስበው አየር በጋለ ቁጥር ግን አቅሙ እንደሚቀንስ ይላል። ጭነቱን ካልቀነሱለት ውስጡ ከልክ በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል። አሥራ አምስት ዲግሪ! እኛ አገር በየትኛው ወር?

ጠዋት ጋሼን ገና በር ላይ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ማሽኑ አልታመመም። ሞቆት ነው።"

ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እንደኛው ነዋ! ድሬ ላይ በቀትር የሚሠራ ማነው?"

ተያይዘን ወደ ጓሮ ዞርን። የአየር መሳቢያው ቱቦ የተገጠመው ፀሐይ በሚያቃጥለው ቆርቆሮ በኩል፣ ያውም ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። ቱቦውን ወደ ወዲያኛው ጎን፣ ወደ አንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ለማዞር ተስማማን። ቀሪውን ሐሳብ ያመጡት ጋሼ ናቸው። ድሮ ባቡር በረሃ ላይ ሲበላሽባቸው የሚጠጡትን ውሃ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ያቀዘቅዙት ነበር። ጆንያ ውሃውን ካቀዘቀዘ አየሩን ለምን አያቀዘቅዝም አሉ። እኔ የውሃ ጠብታ ከነፋሱ ጋር ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ ፈራሁ። ስለዚህ ጆንያዎቹን ከማጣሪያው ራቅ አድርገን በብረት ፍሬም ወጠርናቸው፤ ከላያቸው በተበሳ የውሃ ቱቦ ውሃ እንዲንጠባጠብባቸው አደረግን።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት ላይ የከተማው መብራት ጠፋ፤ በአካባቢው ያለ ወፍጮና ጋራዥ ሁሉ ጸጥ አለ። የኛ ማሽን ያፏጫል፤ ጋኑ ውስጥ ሳሙናው ይንተከተካል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉና "ቬንትሌተር ያልኩትን አንስቻለሁ" አሉ።

ሐጂ ሦስት ትልልቅ ሀብሀብ በባጃጅ ጭነው መጡ። ራሳቸው ቆርጠው አደሉን፤ የመጀመሪያውን ለጋሼ፣ ሁለተኛውን ለእኔ። ለሸጠልን ሰው ስልክ ደውለው፣ የምትነካካዋ ልጅ ሰላም ብላሃለች ሲሉት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ በየጠዋቱ የማሽኑን ስክሪን ቁጥሮች ማንበብ ከእኔ ተማሩ። እኔ ደግሞ የመፍቻውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ድምፅ መለየት ከእሳቸው ተማርኩ። ደህናውን ድምፅ ለመልመድ አንድ ወር ገደማ ፈጀብኝ። ጋሼ ግን ፈጣን ተማሪ ነሽ አሉኝ፤ እሳቸው ባቡር ላይ ይህን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።