የሬዲዮ ወዳጅ

የሳይንስ ሙዚየሙ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ቀን፣ የአማተር ሬዲዮ ክበቡን መሣሪያ የምታሳየው ኦፕሬተር አንድ አዛውንት ሰውዬ ገና ከበር ሲገባ ወደደችው። ኮቱ አርጅቷል፤ ካውያ ግን ጠግቧል። ሚስቱ እጅጌውን ይዛዋለች። ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከንፈር ከንፈሩን ያያል። ለኦፕሬተሯ ጨዋነት መሰላት።

«ሬዲዮ ነፍሱ ነበር፣ ልጄ» አለቻት ሚስቱ። «ጆሮው ከድቶት ተለያዩ እንጂ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግን ተመስገን ነው፤ የምለውን ሁሉ ይሰማኛል።»

ኦፕሬተሯ የጆሮ ማዳመጫውን ስታጠልቅለት ዓይኑን ጨፈነ። ቀስ እያለ ራሱን ነቀነቀ፤ ፈገግም አለ።

ሚስቱ ክንዱን ነካ አድርጋ፣ «ይሰማሃል?» አለችው።

ዓይኑን ገልጦ አፏን አየና፣ «ጥርት ብሎ!» አላት።

ኦፕሬተሯ ድምፁን ልታስተካክልለት እጇን ስትሰድ ክው አለች። የማዳመጫው ገመድ ከሬዲዮው ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሰካችውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ከሩቅ አገር የሚጣራ ሰው ድምፅ ከማዳመጫው አልፎ ወጣ።

«ኧረ ለእኔም ተሰማኝ!» ብላ ሚስቱ እንደ ልጅ ሳቀች።

የሰውየው ቅንድብ እንኳ አልተነቃነቀም። ዓይኑ ገመዱን ይዞ በቆመው የኦፕሬተሯ እጅ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። እባክሽ የሚል አስተያየት ነበር። እሷም እጇን ሰበሰበች።

«ምን ይላሉ ታዲያ?» አለች ሚስቱ፣ ጓጉታ።

ከንፈሯን አየ።

«ሁላችንም ደህና ነን ነው የሚሉት» አላት።