ደረት ኪስ ውስጥ የቀረው ብዕር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሊዲያ አሮጌ ታብሌቷን ታቅፋ ዳባት ቤቴ መጣች። ጎንደር ነው የምትማረው፤ ሥዕል ትወዳለች። ገና አረፍ ሳትል፣ «አክስቴ፣ ለዚህ የሚሆን ብዕር የትኛው ነው? ባለሱቆቹ የሚሸጡትን ሁሉ ‘ለሁሉም ይሆናል’ ይሉኛል» አለችኝ።

«ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ስሰማ ቆሽቴ አረረ። የሽሮ ማማሰያዬን አስቀምጬ ታብሌቱን ተቀበልኳትና መጀመሪያ ጎኑን አየሁ። ስለ ብዕር ጠይቃኝ ስለ መሬት እንደምቆጣ ልጅቷ በየት ታውቃለች።

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ደባርቅ ውስጥ፣ የገበሬውን ማሳ እየለካ የመሬት ደብተር በሚሰጥ ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከባለመሬቱ ጋር ማሳውን መዞር ነው። እሱ ድንበሩን ያሳየኛል፤ እኔ ከሰማይ በተነሣው የማሳው ምስል ላይ፣ ታብሌቱ ውስጥ፣ መስመር አሰምራለሁ። ያ መስመር ነው ኋላ ደብተሩ ላይ የሚወጣው። ለአንድ ገበሬ ከዚህ የሚበልጥ መስመር የለም።

ታብሌቶቹ ከሌላ ፕሮጀክት የተረፉ አሮጌዎች ነበሩ። ጎናቸው ላይ ብዕር የሚያድርበት ቀጭን ቀዳዳ አላቸው። የእኔው ውስጥ የነበረው አቧራ ብቻ ነው። ብዕሩ የት አለ ብዬ ኃላፊያችንን አቶ መኳንንትን ብጠይቃቸው፣ «በጣትሽ ሥሪ፤ ጣት እንደሁ አይጠፋብሽም» ብለው ሳቁብኝ።

አገሩን የሚያውቅ ይፍረደኝ። ከደባርቅ በታች ያለው ማሳ ሜዳ አይደለም፤ ተዳፋት ላይ የተደረደረ፣ እንደ መቀነት የጠበበ እርከን ነው። ጣቴን ምስሉ ላይ ሳሳርፍ አንዱ እርከን ከነባቄላው ይሸፈናል። ላጉላው ስል ምስሉ ይደበዝዛል። እንዲህ ሆኖ የሚሰመር ድንበር የማን ድንበር ነው?

ብዕር ፍለጋ ወጣሁ። በገበያ ቀን ደባርቅ አንድ ሱቅ ገብቼ ገዛሁ፤ ባለሱቁ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ማለ። ጫፉ የጥጃ አፍንጫ የመሰለ ድቡልቡል ጎማ ነበር፤ ከጣቴ በምን ተሻለ? ጎንደር ወርጄ ደግሞ ጫፉ ቀጭን፣ ባትሪ ያለው ሌላ ገዛሁ። እዚያም «ለሁሉም ይሆናል» ተባልኩ። ስመለስ መስኮቱ በማይዘጋ ሚኒባስ፣ የወገራ ብርድ ፊቴን እየገረፈኝ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ነገ ድንበር እንደ ፀጉር ቀጭን አድርጌ አሰምራለሁ እያልኩ ነበር። በማግስቱ ብነካው፣ ብጫነው፣ ታብሌቱ ወይ ፍንክች! ታብሌቶቹ በተረፉበት ፕሮጀክት ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ገንዘብሽን አታባክኚ» አለችኝ፤ «የሱ መስታወት ከጣትና ከጎማ ሌላ የሚሰማው የራሱን ብዕር ብቻ ነው። ቀለምም ባትሪም የለውም፤ ከታብሌቱ ጋር አብሮ የመጣ ነው። እዚያው መጋዘናችሁን ጠይቂ።»

ጠየቅኩ። የንብረት ክፍሉ ጋሽ በሪሁን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ታብሌቱ ቋሚ ዕቃ ነው የኔ ልጅ። ብዕር ግን አላቂ ዕቃ ነው። ለኃላፊዎቹ ታድሏል» አሉኝ።

«ወረቀት ላይ አይጽፍም እኮ ጋሼ! መልሱት የሚል አልመጣም?»

«ለምን ይመልሱታል? ደረት ላይ ያምራል።»

እውነትም ያምር ነበር! ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከደረት ኪስ አልነቀል አለ። ስብሰባ ላይ፣ ሻይ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ ጥቁር፣ አብረቅራቂ ብዕር በየኮቱ ኪስ ተሰክቷል። በአገራችን ደረቱ ላይ ብዕር የሌለው ሹም ሹም አይመስልም። እኔ በጣቴ የሰው ርስት ስዳብስ፣ መሣሪያዬ ጌጥ ሆኖ ይዞራል። አቶ መኳንንትን ስለምናቸው፣ «በስሜ ወጪ የሆነ ነው» ብለው ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። በጣቴ ማስመሩን ቀጠልኩ፤ እንቢ ብል ሌላ ጣት አያጡም ነበር።

በጥቅምት የተሰመረው ሁሉ ታትሞ ለሕዝብ እይታ ተለጠፈ። ቦታው የቀበሌው ግቢ ነው፤ ያልተስማማ እዚያው ይናገር ይባላል። ከመጡት አንዷ እማማ ውባለም ነበሩ። ባል የሞተባቸው፣ ማሳቸውን ስለካ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ያበሉኝ ሴት ናቸው። የታችኛውን እርከን ከባላቸው ጋር ድንጋይ ተሸክመው የካቡት ራሳቸው ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ግን እርከኑ ወደ ጎረቤታቸው ዞሯል። ጎረቤትየው መሬት መሬት ያያል።

«እማማ፣ ማሽን አይሳሳትም» አሉ አቶ መኳንንት። «ደግሞም ሲለካ ፈርመዋል።»

እማማ ውባለም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ማንበብ አላውቅ፣ በጣቴ ፈረምሁ» አሉ። «አንቺ የተማርሽው ደግሞ በጣትሽ ወሰድሽብኝ። ምነው ልጄ? እሸቴን እንዳልበላሽ!»

ደሜ ፈላ። በእሳቸው አልነበረም። ተነሣሁና ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ «አቶ መኳንንት፣ እባክዎ ብዕርዎን ያውሱኝ» አልኩ።

ብዕር የተጠየቀ ሰው በሰው ፊት አይከለክልም። ከኪሳቸው አወጡና አመንትተው ሰጡኝ። «ቀለሙ ካለቀ ቆይቷል፤ አይጽፍም» አሉ።

«ይጽፋል» አልኩ።

ታብሌቱን አውጥቼ፣ እማማ ውባለምን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በካቡ ጫፍ ጫፍ አሰመርኩ። መስመሩ ክር አክሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ። እርከኑ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ አየ፤ ከኋላ አንዱ፣ «እንዲያ ነው ለካ! ሰውየው ድንበራችንን ኪሳቸው ይዘውት ኖሯል!» ሲል ግቢው በሳቅ ተናጋ። እማማ ውባለም አልሳቁም። መስመሩን በዓይናቸው ተከትለው ሲጨርሱ፣ «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

የሆነው ይኸው ነው፤ ግን እዚህ ላይ አበቃ ማለት አልችልም። አቶ መኳንንት እጃቸውን ዘረጉ፣ ብዕራቸውን ተቀበሉ፣ ጠረግ ጠረግ አድርገው ደረታቸው ላይ መልሰው ሰኩት! በማግስቱ በጣቴ እንድቀጥል ታዘዝኩ። ብዕሮቹ ይሰብሰቡ የሚል ደብዳቤ የመጣው ሥራው ካለቀ፣ ደብተሩም ከታደለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

«ታዲያ ምን ልግዛ?» አለችኝ ሊዲያ፤ ሽሮዬ አሯል።

«ጎኑን እይው» አልኳት። «ቀዳዳ ካለው ብዕሩ አብሮት የተሠራ ነው፤ የዚህኑ ሞዴል ስም ጠርተሽ የራሱን ፈልጊ። ባለሱቁም ፊትሽ መስታወቱ ላይ ይጻፍበት። ለሁሉም ይሆናል ካለሽ ጥለሽው ውጪ።»

አሁንም ወደ ደባርቅ ስወጣ በመስኮት እርከኖቹን አያለሁ። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ሲወዛወዝ ድንበሩ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ያን ቀን ቀበሌው ግቢ እማማ ውባለም መጡ፤ ያመመው፣ መንገድ የራቀበት፣ መንግሥት የለካው ልክ ነው ብሎ ያመነው አልመጣም። ያልመጡት ሰዎች ድንበር እስከ ዛሬ ድረስ በእኔ ጣት ውፍረት ልክ ነው።