ላይ ቤትና ታች ቤት እንግሊዝኛ

መምህር ገብረ አማኑኤል እንግሊዝኛን ያወቁት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ከድጓ ቤት ወጥተው፣ የስድስት ወር የመምህርነት ኮርስ ወስደው መንዝ ውስጥ ዘመሮ ሲመደቡ፣ ከመርካቶ የገዙትን ሽፋን የለሽ መዝገበ ቃላት ከነፍቺው እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። መጽሐፉ ድምፅ ስለሌለው ድምፁን ከራሳቸው ጨመሩበት። መመሪያቸው አንድ ነበር፤ እግዜር ያለ ሥራ ያስቀመጠው ፊደል የለም። ስለዚህ ቢላዋ በእንግሊዝኛ «ክኒፌ» ሆነ፤ ሌሊት ደግሞ «ኒግህት»። ልጆቹ ይህንን በዜማ ሲሉት፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ገበያተኛ ቅዳሴ መስሎት ቆብ ያወልቅ ነበር።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ ፒስ ኮር ከሚባሉት አሜሪካኖች አንዷ፣ ሚስ ዶሮቲ፣ በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ረጅም፣ ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ዳይሬክተሩ አቶ አስፋው መምህሩን የእንኳን ደህና መጣሽ ንግግር እንዲያደርጉላት አዘዟቸው። መምህሩ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጁ፤ በዕለቱም በሕዝቡ ፊት ጋቢያቸውን አስተካክለው አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ሚስ ዶሮቲ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በጥሞና ሰማች። ሲጨርሱ፣ አዲስ አበባ በለቃቀመቻት አማርኛ፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግዕዝ ገና አልተማርኩም» አለቻቸው።

አቶ አስፋውን ሳል ያዛቸው።

መምህሩ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ለሚስታቸው ለብርነሽ፣ ልጅቱ እንግሊዝኛ እንደማታውቅ ነገሯት። ብርነሽም የአገሯን ቋንቋ ሳታውቅ ይህን ሁሉ መንገድ የላኳትን ሰዎች ወቀሰች።

አቶ አስፋው ማንም እንዳይከፋ ብለው ጠዋት መምህሩ፣ ከሰዓት በኋላ ሚስ ዶሮቲ እንዲያስተምሩ ደለደሉ። ልጆቹ አልተቸገሩም። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ወገን እንደሚሄድ ከየደብራቸው ሰምተዋልና፣ የጠዋቱን «ላይ ቤት እንግሊዝኛ»፣ የከሰዓቱን «ታች ቤት እንግሊዝኛ» አሉት። ተሾመች የምትባል ጎበዝ ተማሪ፣ ቢላዋ በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል ተብላ በተፈተነች ጊዜ «እንደ ላይ ቤቱ ክኒፌ፣ እንደ ታች ቤቱ ናይፍ» ብላ መለሰች። ሁለቱም አስተማሪዎች ግማሽ ግማሽ ማርክ ሰጧት።

ኩርፊያውን የሰበረችው ሚስ ዶሮቲ ናት። አማርኛዋን እንዲያቀኑላት መምህሩን ለመነቻቸው። እሳቸውም ደስታቸውን ደብቀው እሺ አሉ። አንተና አንቺ ያባልጋል ብለው ግን አንቱታን ብቻ አስተማሯት። እሷም በገበያ ዕለት፣ ገበያነሽ የምትባል ሴት ይዛው በቆመችው ሙክት ፊት እጅ ነሥታ፣ «እሳቸው ዋጋቸው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ገበያነሽ ሙክቷን እንደ አዲስ አየችው። አንቱ የተባለን በግ በርካሽ መሸጥ ነውር ነው ብላ ዋጋውን ከፍ አደረገች።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስ ዶሮቲ ሀን፣ ሐንና ኀን ጎን ለጎን ጽፋ ልዩነታቸውን ጠየቀች። መምህሩም ጥንት የየራሳቸው ድምፅ እንደነበራቸው፣ በአማርኛ ግን ሦስቱም አንድ እንደሆኑ አስረዷት።

«ታዲያ ሁለቱን ለምን አይጥሏቸውም?»

«የአባት ፊደል ይጣላል እንዴ?» አሉ መምህሩ።

ሚስ ዶሮቲ ጠመኔ አንሥታ ቢላዋን በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ጣቷንም በመጀመሪያዋ ፊደል በኬ ላይ አኖረች።

«ይቺም የአባት ናት። ድሮ ትናገር ነበር። አሁን አርጅታለች።»

መምህሩ ሰሌዳውን አፍጥጠው አዩት። ቀጥሎ ሳቅ ከሆዳቸው መጣና ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

በነጋታው በክፍሉ ፊት ቆመው፣ «ልጆች፣ እስከ ትናንት አንዲት አሮጊት ያለ ዕረፍት ሳስጮህ ኖሬአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ትረፍ» አሉ።

ችግሩ ርኅራኄያቸው መብዛቱ ነው። ለአንድ ሳምንት ኬን ባለችበት ቃል ሁሉ ዝም አሰኟት። «ኪችን» «ኢችን» ሆነ፤ «ኪንግ»ም «ኢንግ»። የንጉሥ ስም መቆረጡን የሰሙት አቶ አስፋው፣ ያስጠይቀናል ብለው ከቢሯቸው ሮጠው መጡ። ሚስ ዶሮቲና መምህሩ ቁጭ ብለው የትኞቹ ፊደላት እንደሚናገሩ፣ የትኞቹ እንደሚጦሩ ለይተው ጻፉ። እሷም በዜማ የተማሩት ቃል ከልጆቹ እንደማይጠፋ አይታ በዜማ ማስተማር ጀመረች። ድምጿ ግን ለዜማ አልተፈጠረም፤ የአቶ አስፋው በቅሎ ገመዷን በጥሳ ጠፋች።

በክረምቱ መምህሩ አዲስ አበባ ለኮርስ ተጠሩ። እዚያ አንድ ህንዳዊ፣ አንድ ስኮትላንዳዊና አንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝ በአንዲት ቃል አነባበብ ሲጨቃጨቁ ደረሱ። ክርክሩ ሻይ ሰዓትን ሲያልፍ መምህሩ በዝግታ ተነሡ። በአገራቸው ሊቃውንት አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲፈቱ ሳይጣሉ «አንድም፣ አንድም» እያሉ እንደሚያልፉ በእንግሊዝኛ አስረዱ። ሦስቱም አሠልጣኞች ገባቸው። ከንግግራቸው ይልቅ መምህሩን ያስደሰታቸው ይኸው መግባቱ ነበር።

በመስከረም መምህራንን እንግሊዝኛ እንዲያሠለጥኑ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ ተዛወሩ። ብርነሽ የመርሐቤቴ ሙቀት ቢነገራትም አላመነችም፤ ሁለት ወፍራም የመንዝ የበግ ጠጉር ባና በአህያ አስጭና ወረደች። ከደረሱ በኋላ አንዱን አነጠፈችው፤ ሁለተኛውን ለፀሐይ መከለያ በበሩ ላይ ሰቀለችው።